የላፕቶፑ ትኩሳት

ላፕቶፑ ሳሎኑ ውስጥ ቡፌው ላይ ከተቀመጠ ጀምሮ አንድም ቀን ተዘግቶ አያውቅም። ክረምቱ መጥቶ ሄደ፣ የመስኮቱ መጋረጃ ተቀየረ፣ የጎረቤቱ ሕፃን ድክ ድክ ማለት ጀመረ፤ እሱ ግን ያኔ እንደተከፈተ ነው። መብራት ሲጠፋ በባትሪው ጥቂት ያዘግማል፤ ሲመጣ ደግሞ በውስጡ ያለው ማራገቢያ ዳገት እንደወጣ ሰው ቁና ቁና እየተነፈሰ ይቀጥላል። የቤቱ ሰዎች ድምፁን ከመልመዳቸው የተነሳ አይሰሙትም ነበር። ድንገት ለአፍታ ዝም ሲል ነው ቀና ብለው የሚያዩት።

ያስቀመጠው ጋሼ ነው። ጋሼ የቤቱ የበኩር ልጅ ሲሆን፣ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን በሚያስኬድ ሌላ ከተማ፣ በአንድ የውኃ መሥሪያ ቤት የቧንቧ መስመር ንድፍ ይሠራል። እናታቸው መርሳት ስትጀምር፣ ምድጃ ለኩሳ ትታ መተኛት፣ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ የገዛ በሯን አጥታ መንገድ ላይ መቆም ስታበዛ፣ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ቡፌው ላይ አስቀመጠው። የቻርጀሩን ገመድ ማንም እንዳይጎትተው በፕላስተር ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። የቪዲዮ ጥሪውን ከፍቶ እህቱን «አደራ፣ እንዳትዘጊው፤ ከዘጋሽው እኔ ከዚያ ሆኜ ልከፍተው አልችልም» አላትና ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እሱ ቢሮው ተቀምጦ ቧንቧ ሲስል ይውላል፤ ከኮምፒውተሩ ስክሪን ጥግ ላይ ደግሞ እናቱ ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ ትውላለች።

እህቱን ሚጢ ይሏታል። የቤቱ ታናሽ ስለነበረች ከልጅነቷ የወጣላት ስም ነው፤ ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ማለት ቢጀምርም ስሙ አልለቀቃትም። ሚጢ ከእናቷ ጋር የምትኖር፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት። ጠዋት እማዬን አጥባ፣ አልብሳ፣ አብልታ፣ ፀጉሯን አበጥራ ሶፋው ላይ ታስቀምጣትና ትወጣለች። እኩለ ቀን ላይ ቲቸር ብቅ ይላሉ። ቲቸር አጥር የሚጋሯቸው ጡረተኛ መምህርት ናቸው፤ ምሳዋን አሙቀው ይሰጧትና እሳቸውም ጉልበታቸው እስከፈቀደ አጫውተዋት ይሄዳሉ። የቀረውን ሰዓት የሚጠብቃት ላፕቶፑ ነው።

መጠበቅ ከተባለ ማለት ነው። ሚጢ አንድ ዓይኗን ጨፍና በሌላው ማይክሮስኮፕ ውስጥ ስታይ፣ የጋዋኗ ኪስ ውስጥ ስልኳ ይንቀጠቀጣል። ጋሼ ነው። እማዬ ውኃዋን አልነካችውም። እማዬ ሹራቧን አውልቃዋለች። ቲቸር ዛሬ ዘገዩ፣ ምን ሆነው ነው? አጠገቧ የሚሠራው ባልደረባዋ ስልኩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር «ትልቁ አለቃ መጡ» ይላል። ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ አንቺ ሴትዮ ሁለት መሥሪያ ቤት ተቀጥረሽ በአንዱ ብቻ ነው ደሞዝ የሚከፈልሽ ብሎ ይቀልድባታል። ሚጢ መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። በኋላ ፈገግ ብቻ ትል ጀመር። ከዚያም ያንንም ተወችው።

የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጋሼ መጥቶ ለአንድ ወር እንዲቀመጥላትና እሷ እንድትተኛ። እንቅልፍ የምትለው የሌሊቱን ብቻ አይደለም፤ ጆሮዋን ማሳረፍ ነው የፈለገችው። ይህንን ሦስት ጊዜ ይሁን አራት ጊዜ በግልጽ ጠይቃዋለች። መልሱ አንድ ነው።

«እኔ እኮ እዚያው ነኝ፣ ሚጢዬ። ቀኑን ሙሉ ከናንተ ጋር ነው የምውለው። እንዲያውም ካንቺ በላይ የማያት እኔ ነኝ።»

ክፋት አልነበረውም። የሚለውም ሐሰት አይደለም፤ በሰዓት ከተቆጠረ እውነትም ከእሷ በላይ ያያታል። ሚጢን ቆሽቷን ያሳረራትም ይኸው ነበር። ካሜራው ሶፋውን፣ ጠረጴዛውንና የበሩን ግማሽ ያያል። ኮሪደሩን አያይም። መታጠቢያ ቤቱን አያይም። እማዬ ሌሊት እየተነሳች ያንኑ ጥያቄ የምትጠይቅበትን መኝታ ቤት፣ በየማለዳው ተነስቶ የሚታጠበውን አንሶላ አያይም። ጋሼ የሚያያት ፀጉሯ ተበጥሮ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከራሷ ጋር ቀስ እያለች የምታወራ እናቱን ነው። ማን እንዳበጠረላት ካሜራው አያሳይም።

እማዬ ላፕቶፑን መጀመሪያ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም ነበር። ውሎ ሲያድር ግን በስክሪኑ ላይ ያለውን ፊት ለየችው። ለየችው ብቻ አይደለም፤ ልጇ እዚያው ቡፌው ላይ እንደሚኖር አድርጋ ያዘችው። ጠዋት ሰላም ትለዋለች። ከብስኩቷ ቆርሳ ፊቱ ታስቀምጥለታለች፤ ሚጢ ማታ ስትገባ ከቁልፎቹ ላይ ፍርፋሪ ትጠርጋለች። ጋሼ ከወንበሩ ተነስቶ ባዶ ወንበር ሲታይ ግን ጉድ ይፈላል። የት ሄደ፣ ማን ወሰደው እያለች በየክፍሉ ትዞራለች። ስለዚህ ጋሼ ምሳውን ጠረጴዛው ላይ መብላት ጀመረ። የሥራ ጓደኞቹ ና ቡና እንጠጣ ሲሉት እምቢ ማለቱን ሲያበዛ፣ ኋላ ላይ መጥራቱን ተዉት። እሱም በበኩሉ ታስሮ ነበር ማለት ይቻላል። እዚያው ወንበር ላይ እንደተቸከለ ሰው ሲውል፣ እህቱ ዘንድ ያለውን ሸክም እኩል የተሸከመ ይመስለው ነበር።

አንድ ቀን እማዬ ትንሿን የሶፋ ትራስ አምጥታ ከላፕቶፑ ሥር አነጠፈችለት። ቡፌው ይቆረቁረዋል ብላ ነው። ሚጢ አነሳችው። በማግስቱ ትራሱ ተመልሶ ቦታው ተገኘ። እንደገና አነሳችው፤ እንደገና ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ማራገቢያው ከመተንፈስ አልፎ ማቃሰት ሲጀምር፣ ሚጢ እማዬን እንቅልፍ የያዛትን ሰዓት ጠብቃ ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልላ ወደ ኮምፒውተር ጠጋኙ ሮጠች።

ጠጋኙ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። ከሥሩ ያሉትን ብሎኖች ፈትቶ ክዳኑን ሲያነሳ ከማራገቢያው ላይ የድመት ፀጉር የሚመስል የአቧራ ጥቅል በጣቶቹ መዘዘና ብርሃን ላይ አውጥቶ አያት።

ምን ያህል ጊዜ ሳይዘጋ እንደቆየ ጠየቃት። ከመጣ ጀምሮ አለችው። ሰውየው እየሳቀ፣ እህቴ ፍሪጅ እንኳ አንዳንዴ ዝም ይላል አላት። ከዚያ ባትሪው ማበጡን አሳያት፤ ጠንካራ ነገር ላይ አስቀምጪው፣ ከሥሩ ጨርቅ አይኑር፣ የሚተነፍስበት ቀዳዳ ከሥሩ ነው፤ ቢያንስ ማታ ማታ ዝጊው አላት። ሚጢ እሺ አለች። ምን ላይ ነው የሚቀመጠው ብሎ ሲጠይቃት ግን ትራስ ላይ ለማለት አፍራ፣ ቡፌ ላይ ብላ ዘጋችው።

ይህንኑ ለጋሼ ነገረችው። ባትሪው ይቀየር አለ። ማታ መዝጋቱን ግን ልቡ አልተቀበለውም። ሌሊት ብትነሳስ? ሌሊት ስትነሳ የምነሳው እኔ ነኝ አለችው። እሱ ግን ለማንኛውም ክፍት ይሁን አለ፤ እንዲያው ሌሊት ሲነቃ በስልኩ ጨለማውንም ቢሆን ማየቱ፣ የቤቱን ድምፅ መስማቱ እንደሚያረጋጋው አስረዳት። ሚጢ አልተከራከረችም። ለመከራከርም ጉልበት ያስፈልጋል። በትራሱም ነገር ከእማዬ ጋር መጣላቱን ተወችው፤ አንድ ቀን ማንሳቱን ረሳች፣ በማግስቱ አውቃ ተወችው።

የሆነው የሆነው በአንድ ሞቃት ከሰዓት በኋላ ነው። ቲቸር ምሳ አብልተው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ጋሼን አለቃው ለስብሰባ ጠርቶት ወንበሩ ባዶ ነው። ተመልሶ ሲመጣ በስክሪኑ ጥግ የእናቱ መዳፍ ብቻ ይታያል፤ ትልቅ ሆኖ፣ መስመሮቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። ከዚያ ነጭ ነገር ሸፈነው። ከዚያ ጨለማ ሆነ።

ሲደውል ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር። ሚጢ ምን እንዳላት አልሰማችውም፤ ወድቃለች ብላ ነው የተረዳችው። የያዘችውን ስላይድ ለባልደረባዋ አቀብላ፣ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ በረረች። መንገዱ ላይ ታክሲውን ስንት ጊዜ እንደረገመች እሷም አታውቀውም።

እማዬ አልወደቀችም። የምግብ ጠረጴዛውን አንድ ወንበር እስከ ቡፌው ድረስ ጎትታ አጠገቡ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ሳህን ሙሉ ውኃ አለ። ላፕቶፑ ላይ፣ ልክ ግንባር ላይ እንደሚደረገው፣ ሦስት ቦታ የታጠፈ እርጥብ ፎጣ ተጋድሟል። ውኃው በቁልፎቹ መሐል ገብቶ፣ ትራሱን አርሶ፣ በቡፌው ጠርዝ ወደ ወለሉ ይንጠባጠባል። ሚጢ መጀመሪያ ያደረገችው ሶኬቱን ከግድግዳው መንቀል ነበር። ከዚያ የእናቷን እጆች ይዛ አገላብጣ አየቻቸው። ቀዝቃዛና እርጥብ ናቸው እንጂ ምንም አልሆኑም።

«ትኩሳት ይዞት ነበር» አለች እማዬ። «ሲያቃስት ዋለ። እጄን ባሳርፍበት እሳት ነው። አሁን በረደለት፤ ግን አላናግርሽ አለኝ።»

ሚጢ ፎጣውን አነሳች። ስክሪኑ ጥቁር ነው።

«ሞተብኝ መሰለኝ» አለች እማዬ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ እንደሚያፍር ሰው።

ሚጢ ያላለችው የለም። ጋሼ ደህና ነው፣ ሥራው ላይ ነው፣ ይኼ እኮ ዕቃ ነው አለች። ስልኳን አውጥታ ደወለችለትና ጆሮዋ ላይ አደረገችላት። ጋሼ ከማዶ እማ እኔ ነኝ፣ እማ ደህና ነኝ እያለ ሲለምን ለሚጢም ይሰማታል። እማዬ በትዕግሥት አዳመጠችው፤ ከዚያ ስልኩን መለሰችላት።

«ጥሩ ሰው ነው» አለች። «ልጄን ግን አያውቀውም።»

ያን ዕለት ራት አልበላችም። በማግስቱም ቁርሷን ገፋችው። ላፕቶፑን ሊወስዱት ሲሉ ሁለት እጇን ስለምትዘረጋበት ማንም ሊነካው አልቻለም። ጠጋኙን ለምነው ቤት ድረስ ቢያመጡት፣ እሷ ዘወር ስትል ጠጋ ብሎ አየውና ውኃው ዋናውን ክፍል እንደጨረሰው በዓይኑ ለሚጢ ነገራት፤ ወሬ ወዳዱ ሰው አንዲት ቃል ሳይጨምር ጫማውን አድርጎ ወጣ። ቲቸር ቁርጥ እሱን የመሰለ ሌላ ገዝታችሁ ብታስቀምጡላትስ አሉ። ጋሼም በስልክ ያመጣው ሐሳብ ይኸው ነበር።

«ነገውኑ ሌላ እልካለሁ» አላት።

«ሌላ እንዳትልክ።»

«ታዲያ እንዴት ይሁን? አሁን ምን እያደረገች ነው? ተቀምጣለች? ምንም እኮ አይታየኝም፣ ሚጢ።»

«መጥተህ እይ።»

ሥራውን ጠቀሰ፤ አንድ ትልቅ መስመር ሊረከቡ መሆኑን፣ አለቃው የማይገባው ሰው መሆኑን። ሚጢ ሰበቡን ሁሉ ስለምታውቀው አላቋረጠችውም። ሲጨርስ መለሰችለት።

«ጋሼ፣ ደክሞኛል። ልጄ ሞተ ብላ ነው የተቀመጠችው። ሞተህ ሲለቀስልህ እዚያ ሆነህ በስክሪን ልታይ ነው?»

ከማዶ ወንበር ሲገፋ ተሰማት። 

በማግስቱ ወደ ማታ፣ ሸሚዙ ላይ የመንገድ አቧራ እንዳለ፣ አንድ ቦርሳ አንግቶ ገባ። በሩ ላይ ቆሞ ሳሎኑን ሲያይ ግር ያለው ይመስል ነበር። ለወራት ከቡፌው በኩል ሲያየው የኖረውን ክፍል አሁን በተቃራኒው ነው የሚያየው። ከእናቱ ፊት በርከክ ብሎ እጇን ያዘ።

«እማ፣ እኔ ነኝ። መጣሁ።»

እማዬ ከእግር እስከ ራሱ ለካችው። ከዚያ መዳፏን ዘርግታ አሳየችው።

«የኔ ልጅ እኮ ይችን ታህል ነው። እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። ዶክተር ነዎት?»

ጋሼ ወደ ሚጢ ዞሮ አያት። ሚጢ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ልትረዳው ብትፈልግ ትችል ነበር፤ እንዲህ ያለ መልስ ስትፈልግ ነው ዕድሜዋን የገፋችው። ግን ዓይኗን ወደ ቡፌው መለሰች። በክፋት አልነበረም።

«እባክዎ ይዩልኝ» አለች እማዬ።

ጋሼ ተነስቶ ወደ ቡፌው ሄደ። ላፕቶፑን በሁለት እጁ አነሳው፤ ትራሱ ገና አልደረቀም። ጆሮውን ጠጋ አድርጎ አዳመጠ፤ ምን ሊሰማ እንደሆነ እሱም አያውቅም። ከዚያ ክዳኑን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ወደ እናቱ ዞሮ ሲናገር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ አላት።

«ትኩሳቱ ለቆታል፣ እናቴ። ልጅዎ ድኗል። ዝም ያለው እንቅልፍ ወስዶት ነው። እኔ ወስጄ ጥሩ ቦታ አስተኛዋለሁ። እርስዎ አይጨነቁ።»

ላፕቶፑን ደረቱ ላይ ታቀፈው። እማዬ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። እግዜር ይስጥልኝ፣ ዓይኑን ሳይከድን ነው የከረመው አለች። ከዚያ ወደ ሚጢ ዞራ ሾርባ አለ ወይ ብላ ጠየቀች።

ጋሼ በዚያው ዶክተሩ ሆኖ ቀረ። የመጀመሪያውን ቀን፣ ተዪ አንቺ ዕረፊ፣ እኔ አለሁ እያለ እጅጌውን ሰብስቦ ዋለ። መታጠቢያ ቤት ሲወስዳት አልታጠብም አለችውና በውኃ አራሰችው፤ ልብሱን ቀይሮ ሲመለስ እሷ ደግሞ የገባችበት ጠፍቶ ከኮሪደሩ ጥግ ካፖርት ለብሳ አገኛት። ሌሊቱን ተራ ልያዝ አለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኩሽና ውስጥ ሚጢ ስታገኘው ዓይኑ ቀልቶ፣ ሻዩን ስኳር ሳይጨምር እያማሰለ ነበር።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አላት።

«እንዲህ ነው።»

«አልነገርሽኝም እኮ።»

«ነግሬሃለሁ።»

አሰበ። «ነግረሽኛል» አለ። «እዚያ ሆኜ ሳያት ግን ፀጥ ያለች ነበረች። በእግዜር ፀጥ ያለች ነበረች።»

ሚጢ ኩባያዋን ይዛ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። የተዘጋጀችበት ብዙ ነገር ነበር፤ ሻይ እያፈላች፣ ታክሲ እየጠበቀች፣ በማይክሮስኮፕ እያየች ስንት ጊዜ በልቧ የተለማመደችው ነገር። አሁን ግን ከዚያ ሁሉ አንዱ አልመጣላትም። ካንተ ጋር ስታወራ የምትውልባቸው ቀናት ነበሩ፣ እነዚያን ቀናት አትደናገጥም ነበር፣ ያም ቀላል አይደለም አለችው። እውነቱን ነው የነገረችው። ጋሼ ግን ይህን ሲሰማ ይባስ አንገቱን ደፋ።

ለአለቃው ደወለለት። ብዙ ተነጋገሩ፤ አንዳንዴ ድምፁ ከፍ ሲል ሳሎን ድረስ ይሰማል። በመጨረሻ ንድፉን ከዚሁ ሆኖ እየሠራ የሚቀጥሉትን ሁለት ወራት እንዲቆይ ተፈቀደለት። ከዚያ በኋላ እየተፈራረቅን እናደርገዋለን፣ እኔም እየመጣሁ፣ እሷንም እኔ ዘንድ እየወሰድናት አላት። ሚጢ እሺ አለች። ከሁለት ወር በኋላ ያለው ነገር ይሁን አይሁን አላወቀችም፤ ለማመንም ለመጠራጠርም ጊዜው ገና ነው። የዓመት ፈቃዷን ጠየቀች። ባልደረባዋ የት ልትሄጂ ነው ቢላት፣ አልጋዬ ላይ ነው አለችው፤ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

የፈቃዷ የመጀመሪያ ቀን ምሳ ከተበላ በኋላ መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ገርበብ አድርጋ ተጋደመች። ፀሐይ መጋረጃው ላይ አለች። ከሳሎን የጋሼ ወንበር ሲንቀሳቀስ፣ የወረቀት ድምፅ ይሰማል። እንቅልፍ ሸለብ እንዳደረጋት እማዬ ተጣራች።

«ማነው እዚያ?»

ሚጢ ገና ሳትነቃ እግሮቿ ወለሉን ረግጠው ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን በእግሯ ጣቶች ስትፈልግ፣ የወንበሩን መገፋት ሰማች።

«እኔ ነኝ፣ እናቴ» አለ ጋሼ።

«የትኛው እኔ?»

«ዶክተሩ።»

«ልጄ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ዕረፍት ላይ ነው።»

ወንበሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ እማዬ ማነው እዚያ አለች። ጋሼም መለሰ። ደገመች፤ ደገመ። በሦስተኛው ላይ ድምፁ እንደ መጀመሪያው አልነበረም፤ ዝቅ ብሏል፣ ከመልሱ በፊትም ትንሽ ትንፋሽ አለችበት። ሚጢ ያችን ትንፋሽ ታውቃታለች። ልሂድ አልሂድ እያለች አዳመጠች። እሱ አሁንም መለሰ።

እግሮቿን አንድ በአንድ ከወለሉ አንስታ አልጋው ላይ መለሰቻቸው፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።